አራት ቅዳሜ ስለ ብሪታንያ ንግድ፦ የባሕር ዳሩ ሥልጠና ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

በቅርቡ በባሕር ዳር ከተማ አንድ የግል ማሠልጠኛ ድርጅት ለአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች የሰጠውን ሥልጠና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ርዕሱ አንድ አገር ከፖለቲካ ኅብረት ከወጣ በኋላ ስላሉት የንግድ አማራጮች ሲሆን፣ ትምህርቱ በአብዛኛው ያተኮረው ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በወጣችበት ታሪክ ላይ ነው። ክፍያው ለአንድ ሰው 4,500 ብር ነው፤ በዚህ ውስጥ የሥልጠና ጽሑፍ፣ የረፍት ሰዓት ቡናና ዳቦ፣ በመጨረሻም የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ይካተታል። የአውሮፓን ነገር በማነሣበት ቦታ ሁሉ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከመራዊ አካባቢ፣ ከቆጋ መስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች አቮካዶ እየሰበሰበ ለላኪ የሚያስረክብ ዩኒየን ባልደረባ የሆነ ሰው የለንደንን ፖለቲካ ለመማር ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔም ራሴ ጠይቄአለሁ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የምናስረክበው ላኪ በሆላንድና በእንግሊዝ ያሉ ገዢዎቹ የሚጠይቁት ወረቀት እንደ ቀድሞው አንድ ዓይነት አለመሆኑን ሲነግረን፣ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሊያስረዳን የቻለ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ሦስታችንን አስመዝግበው ላኩን።

መምህሩ በጉምሩክ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የአውሮፓን ካርታ ይዘረጋሉ ብለን ስንጠብቅ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፉ ወደ እኛ ዞረው፣ «አንድ መሠረታዊ ማኅበር ከእናንተ ዩኒየን ለቅቆ ቢወጣ በማግስቱ ማዳበሪያውን ከየት ያገኛል? በቆሎውንስ ለማን ይሸጣል?» አሉን። ከደጀን የመጣ አንድ የኅብረት ሥራ ባለሙያ ፈጥኖ መለሰ፤ ማኅበሩ የዩኒየኑን መጋዘንና መኪና ለመጠቀም ከፈለገ ኪራይ ይከፍላል፣ የዩኒየኑን የጥራት መለኪያም ይቀበላል፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን ድምፅ አይኖረውም አለ። መምህሩም፣ «እንግዲህ ኖርዌይን አወቃችኋት» አሉ። በዚህ አካባቢ ማዳበሪያ ከገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የቀረበው አማራጭ ሁሉ በዚህች ምሳሌ ላይ እየተሰካ ሄደ። ለክፍያው ግማሽ የሚሆን ዋጋ ያገኘሁት በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ቅዳሜ አማራጮቹን አንድ በአንድ ለማየት የተመደበ ነበር። መነሻ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ዋና ተደራዳሪ የነበሩት ሚሼል ባርኒዬ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ያቀረቡት የደረጃ ሥዕል ነው። ከላይኛው እርከን ሙሉ አባልነት፣ ከታችኛው ደግሞ ያለ ስምምነት መለየት ተቀምጦ፣ በመካከል ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ዩክሬን፣ ቱርክ፣ ካናዳና ደቡብ ኮሪያ ይደረደራሉ። ብሪታንያ «ይህንን አልቀበልም» ባለች ቁጥር አንድ እርከን ወደ ታች ትወርዳለች፤ የሰዎችን ነፃ ዝውውር አልፈልግም ስትል ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ይቀራሉ፣ የራሴን የንግድ ውል ከሌሎች አገሮች ጋር ልዋዋል ስትል ቱርክ ትቀራለች። መምህሩ ሥዕሉን በጠመኔ ሲሥሉት መስመሩ ተንጋዶ ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ዓመት ሙሉ የተካሄደውን ድርድር ከዚያ በተሻለ ያስረዳኝ ነገር አላጋጠመኝም።

ስለ ኖርዌይ የተሰጠው ማብራሪያ ሰፊ ነበር፤ ተገቢም ነው። ኖርዌይ ከአይስላንድ ጋር ከ1994፣ ከሊክተንስታይን ጋር ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ስምምነት አማካይነት በኅብረቱ ነጠላ ገበያ፣ ማለትም ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው በጋራ ሕግ በነፃ በሚዘዋወሩበት ገበያ፣ ውስጥ ትሳተፋለች፤ ሕጉን ትቀበላለች፣ ገንዘብ ታዋጣለች፣ ሕጉ ሲወጣ ግን ድምፅ አትሰጥም። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኔም እስከዚያ ቀን ያላወቅሁት፣ ኖርዌይ በጉምሩክ ኅብረቱ፣ ማለትም አባላቱ እርስ በርሳቸው ቀረጥ ሳይጠያየቁ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ አንድ ዓይነት ቀረጥ በሚጥሉበት ኅብረት፣ ውስጥ አለመሆኗን ነው። ስለዚህ በኖርዌይና በስዊድን ድንበር ላይ፣ በስቪኔሱንድ፣ ዛሬም የጭነት መኪኖች ቆመው ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ፣ ያቀርባሉ። እርሻና ዓሣ ማስገርም ከኅብረቱ የጋራ ፖሊሲ ውጭ ናቸው። «ነጠላ ገበያ» እና «የጉምሩክ ኅብረት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ መንገድ ስናውቅ፣ ቀደም ብለን በሬዲዮ ስንሰማው የነበረው ክርክር ለምን ግራ ያጋባን እንደነበር ገባን።

ቱርክ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ በኢንዱስትሪ ምርቶች ረገድ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የጉምሩክ ኅብረት አላት፣ በነጠላ ገበያው ግን የለችም። መምህሩ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስረዱን ነገር ለእኔ የቀኑ ምርጥ ክፍል ነበር። ቱርክ በኢንዱስትሪ ምርቶች ላይ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ የምትጥለው ቀረጥ በኅብረቱ የተወሰነው ነው። ኅብረቱ ከሌላ አገር ጋር፣ ለምሳሌ ከሜክሲኮ ጋር፣ ነፃ የንግድ ውል ሲዋዋል የሜክሲኮ ዕቃ በአውሮፓ በኩል ወደ ቱርክ የሚገባበት በር ይከፈታል፤ የቱርክ ዕቃ ግን ሜክሲኮ ሲደርስ ያንን ጥቅም አያገኝም፣ ቱርክ የውሉ ወገን አይደለችምና። ከመካከላችን አንዲት የሰሊጥ ነጋዴ፣ «ታዲያ ይህ በሌላ ሰው ሚዛን መሸጥ ማለት ነው» አለች። መምህሩ ይህን አባባል በሌላው ዙር እንደሚጠቀሙበት ነግረዋታል፤ ያን ጊዜ ለነጋዴዋ ምስጋና እንዲቀርብላት አሳስባለሁ።

ስዊዘርላንድ በአሥር ደቂቃ ታለፈች፤ በ1992 ሕዝቧ የኢኮኖሚ ቀጠናውን በጠባብ የድምፅ ልዩነት ውድቅ ማድረጉና ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ የተለያዩ ስምምነቶችን እየቀጣጠለች መኖሯ ተነገረን፣ እሱም ይበቃል። ካናዳም እንዲሁ። የካናዳ ውል በ2009 ድርድሩ ተጀምሮ በ2016 የተፈረመ ሲሆን፣ ቀረጥን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያነሣል፣ ለአገልግሎት ንግድ ግን የሚሰጠው ትንሽ ነው። ያለ ምንም ውል በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ብቻ መነገድ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ነው፤ በዚህ አካሄድ የእንግሊዝ መኪና አውሮፓ ሲገባ 10 በመቶ ቀረጥ በከፈለ ነበር።

የብሪታንያ ፓርላማ ከእነዚህ መካከል ለመምረጥ ያደረገው ሙከራ የተተረከበት መንገድ ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በማርች 27 ቀን 2019 ስምንት አማራጮች ለድምፅ ቀርበው አንዱም አብላጫ አላገኘም። ከአምስት ቀን በኋላ የጉምሩክ ኅብረት አማራጭ እንደገና ቀርቦ በ276 ለ273፣ በሦስት ድምፅ ብቻ ወደቀ። በአዳራሹ ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁላችንም የጠቅላላ ጉባኤ ስብሰባ የምናውቅ ስለሆንን፣ ሁሉም እምቢ የሚባልበትንና ማንም ይህ ይሁን የማይልበትን ቀን ለማሰብ አልተቸገርንም።

ሦስተኛው ቅዳሜ የዚህ ሥልጠና ልብ ነው። መምህሩ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ ብሪታንያ ከወጣች በኋላ የቀድሞው ሕግ ይሠራበት የነበረው የሽግግር ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስለተደረሰበት የንግድና የትብብር ስምምነት ሲያስረዱ፣ ውሉ በሁለቱ ወገኖች መካከል ቀረጥንም ኮታንም ዜሮ ማድረጉን ነገሩንና፣ «ቀረጡ ቀረ፤ ወረቀቱ መጣ» አሉ። ከዚያም በሦስት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ዕቃ ሰጡን፤ ሥራችን ዕቃው ያለ ቀረጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ከደንቡ ቅጂ ላይ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

አንደኛው ቡድን ያገኘው ጀርመን አገር ተሠርቶ እንግሊዝ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ከረሜላ ሲሆን፣ ወደ አየርላንድ ዋና ከተማ ወደ ደብሊን መላክ አለበት። ቡድኑ ጀርመንም አየርላንድም የኅብረቱ አባል ስለሆኑ ቀረጥ የለም ብሎ መለሰ፤ ተሳሳተ። ከረሜላው እንግሊዝ ውስጥ ምንም ስላልተሠራበት የስሪት አገሩ ብሪታንያ አይባልም፤ ከኅብረቱ ክልል ወጥቶ በንግድ መልክ ሲመለስም እንደ ማንኛውም የውጭ ዕቃ ቀረጥ ይጠየቅበታል። በ2021 መጀመሪያ በርካታ የእንግሊዝ ቸርቻሪዎች በአየርላንድ ሱቆቻቸው ላይ የደረሰባቸው ችግር ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ቡድን የደረሰው ሸሚዝ ነው፤ አንዱ ከቻይና በመጣ ጨርቅ እንግሊዝ አገር የተሰፋ፣ ሌላው ከዚያው ጨርቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰፋ። በብሪታንያና በኅብረቱ መካከል ባለው ውል መሠረት ልብስ ያለ ቀረጥ ለመግባት በጥቅሉ ጨርቁ ራሱ ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ መሸመን አለበት። ለድሀ አገሮች በተሰጠው ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ነፃ በሚያደርገው የኅብረቱ ዕድል ግን መስፋቱ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የእንግሊዙ ሸሚዝ ፈረንሣይ ሲገባ 12 በመቶ ቀረጥ ሲከፍል የእኛው አይከፍልም። ይህን ስንሰማ አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፣ አንድ ሰው «ታዲያ የተሰፋው ሸሚዝ የት አለ?» ብሎ ጠየቀና።

ሦስተኛው ቡድን እኛ ነበርን፤ ያገኘነውም አቮካዶ ነው። አፈሩ ላይ በቅሎ የተለቀመ ፍሬ የስሪት አገሩ አያከራክርም፤ ለኅብረቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ለሚያወጣ ጭነት ላኪው በተመዘገቡ ላኪዎች መዝገብ ገብቶ በኢንቮይሱ ላይ መግለጫ ይጽፋል፣ ብሪታንያ ደግሞ ከጁን 2023 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች ባወጣችው የራሷ የንግድ ዕቅድ ትቀበለናለች፤ በሁለቱም ቀረጥ የለም። ችግሩ ያለው በፀረ ተባይ ቅሪት መጠን ላይ ነው። ብሪታንያ ከወጣች በኋላ የተፈቀደውን ቅሪት መጠን የምትወስነው ለብቻዋ ነው፤ ዝርዝሩ ሲጀመር ከኅብረቱ የተቀዳ ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች ከዚያ ወዲህ የየራሳቸውን ያሻሽላሉ። በዚህ ምክንያት ገበሬያችን የረጨው መድኃኒት በአንድ ዝርዝር ሳይሆን በሁለት ዝርዝር መታየት አለበት ማለት ነው። ላኪያችን ሊነግረን ፈልጎ ያልቻለው ይህንን እንደነበረ ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ከሥልጠናው በኋላ የርጭት መዝገባችን ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስገብተናል፤ ለአንድ የ4,500 ብር ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አላውቅም።

እስካሁን የተናገርሁት ምስጋና ነው፤ አራተኛው ቅዳሜ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በዚህ ዕለት ሊነገሩ የታሰቡት የሰሜን አየርላንድና የአገልግሎት ንግድ ጉዳዮች ነበሩ። ሰሜን አየርላንድ በደንብ ተነገረች፤ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ያላት የየብስ ድንበር ኬላ እንዳይተከልበት ሲባል በዕቃ ረገድ የኅብረቱን ሕግ እንድትከተል መደረጉ፣ በዚህም ምርመራው በእርሷና በተቀረችው ብሪታንያ መካከል ወዳለው ባሕር መዛወሩ፣ በ2023 ደግሞ የዊንዘር ማዕቀፍ በተባለው የብሪታንያና የኅብረቱ ስምምነት መሻሻሉ ግልጽ ነበር። የአገልግሎት ንግዱ ግን በሩብ ሰዓት አለቀ። ከብሪታንያ ኢኮኖሚ ከአምስት አራት እጅ ያህሉ አገልግሎት ሆኖ ሳለ፣ ባንኮቿ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ በአንድ ፈቃድ የመሥራት መብታቸውን ማጣታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ፤ በአንጻሩ ከኢኮኖሚዋ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው የዓሣ ማስገር ጉዳይ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። እርግጥ ነው፣ ድርድሩን እስከ መጨረሻው ቀን ያጓተተው ዓሣው ነበር፤ የሰው ልብ ያለበትና ገንዘቡ ያለበት ቦታ አንድ አለመሆኑን ለማሳየት ከሆነ ያንን በግልጽ መናገር ይሻል ነበር።

ከሁሉ የባሰው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ከፖለቲካ ኅብረት ወጥቶ ስለ መነገድ አራት ቀን ሲነገር የቅርባችን ምሳሌ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጉዳይ፣ አንድ ጊዜም አልተነሣም። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ከተለየች በኋላ ሁለቱ አገሮች በብር መገበያየታቸውን ቀጥለው፣ ኢትዮጵያም በአሰብ ወደብ እየተጠቀመች ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ፣ ኢትዮጵያ ከ2,000 ብር ከማይበልጥ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በባንክ የመተማመኛ ሰነድ እንዲሆን ወሰነች። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሣ፤ ጭነታችን ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ የዛላንበሳ መንገድ ሲከፈትም የጉምሩክና የምንዛሪ ሥርዓት ሳይዘረጋለት ተከፍቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። በመምህሩ የደረጃ ሥዕል ላይ ይህ የት ይቀመጣል? ለጦርነቱ ምክንያት ሌላም እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የጋራ ገንዘብ ይዞ፣ የጋራ ወደብ ይዞ፣ በጽሑፍ የተብራራ የቀረጥና የክፍያ ሥርዓት ሳይኖር መለየት ምን እንደሚያስከትል ከስቪኔሱንድ ይልቅ ዛላንበሳ ያስተምረን ነበር። በረፍት ሰዓት ይህንን ለመምህሩ በአክብሮት ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ እሱን ለማስተማር አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ሳይጣላ መዋል አለበት» አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ከእኛ ጋር የቆየ ሰው ግን እንደማንጣላ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ አዘጋጁ ድርጅት ጥቂት ልበል። ለነጋዴና ለኅብረት ሥራ ሰዎች የሚሰጥ ሥልጠና በቅዳሜ ገበያ ቀን መደረጉ የማይገባ ምርጫ ነው፤ ከተመዘገቡት ሰዎች ገሚሱ አርፍደው ይመጡ ወይም ቀድመው ይወጡ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ መንገድ በመዘጋቱ ከደብረ ማርቆስ አቅጣጫ የሚመጡት አልደረሱም፤ ይህ የአዘጋጁ ጥፋት ባይሆንም የቀረው ትምህርት እንዲደገምላቸው ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎ ነበር፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይዘው የመጡት መምህር ግን አልተደናገጡም። የታደለው ጽሑፍ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ በመሆኑ አማርኛው ለመረዳት ያስቸግራል፤ በአንድ ገጽ «የጉምሩክ ኅብረት»፣ በሌላው «የልማድ ማኅበር» ተብሎ ያው ነገር መጻፉን ስናይ መምህሩ ራሳቸው አፍረው ገጹን እንድናልፈው ነገሩን። የምስክር ወረቀቱም በመጨረሻው ቀን ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ሳምንቱ ሲሆን እስካሁን እጄ አልገባም።

ከውጭ ገዢ ጋር የሚገናኝ ሥራ ያለው ሰው፣ በዩኒየን፣ በላኪ ድርጅት ወይም በትራንዚት ሥራ ላይ ያለ፣ ቢመዘገብ አይጸጸትም። ስለ ብሪታንያ ፖለቲካ ለማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ከጽሑፉ ይልቅ የመምህሩን ቃል ማስታወሻ ይዞ እንዲያዳምጥ እመክራለሁ። ሁሉንም ቀን መገኘት የማይችል ቢያንስ አንደኛውንና ሦስተኛውን ቅዳሜ አይቅር፤ ለሦስተኛው ቀን ደግሞ የራሱን ዕቃ ኢንቮይስ ይዞ ቢመጣ መምህሩ በዚያው ላይ ያሠሩታል። እኛ ያንን ስላላወቅን የአቮካዶውን ወረቀት የሠራነው ከላኪያችን በስልክ እየጠየቅን ነበር።